ከዱባይ እስከ ካንቶን፤ የአየር ጉዞው ርቀትና ሰዓት

የቻይናን ሸቀጥ የሚያስመጡ ነጋዴዎች ከሚመላለሱባቸው የአየር መንገዶች አንዱ ከዱባይ እስከ ካንቶን፥ ማለት እስከ ጓንግዡ ከተማ ያለው ሲሆን፥ ርቀቱ በቀጥታ ሲለካ 5,830 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይኸውም በምድር ክብ ላይ የሚሰመረው አጭሩ መሥመር ነው እንጂ አይሮፕላኑ በእርግጥ የሚሄድበት አይደለም፤ አብራሪው የተፈቀደለትን የአየር ጐዳና ስለሚከተል መንገዱ ከዚህ ይረዝማል።

ነጋዴውን የሚያሳስተው ግን ርቀቱ ሳይሆን ሰዓቱ ነው። ለምሳሌ ከዱባይ ከምሽቱ 4 ሰዓት የተነሣ አይሮፕላን በማግስቱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ካንቶን ቢደርስ፥ በቲኬቱ ላይ የሚታየው ልዩነት 11 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ነው። ሲመለስ ከካንቶን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ15 ተነሥቶ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ዱባይ ቢገባ፥ ልዩነቱ 4 ሰዓት ከ15 ብቻ ይሆናል። ምክንያቱም የካንቶን ሰዓት የዱባይን በ4 ሰዓት ስለሚቀድም ነው። እንግዲህ በመሄጃው 4 ሰዓት ተቀንሶ፥ በመመለሻው 4 ሰዓት ተጨምሮ ሲታሰብ፥ እውነተኛው በረራ ሲሄዱ 7 ሰዓት ከሩብ፥ ሲመለሱ 8 ሰዓት ከሩብ ነው።

አንዱ ሰዓት ከየት መጣ ቢባል፥ ከነፋስ ነው። አይሮፕላን በሚበርበት ከፍታ ብርቱ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል፤ ወደ ቻይና የሚሄደውን ይገፋዋል፥ የሚመለሰውን ይገታዋል። በክረምታቸው፥ በታኅሣሥና በጥር ገደማ፥ ነፋሱ ስለሚበረታ ልዩነቱ ይሰፋል።

ከ1957 (እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር) ጀምሮ በካንቶን የሚደረገው ታላቅ የንግድ ትርኢት በጸደይና በመጸው በየሦስት ክፍል ሲከፈት፥ አንዱ ክፍል የሚቆየው 5 ቀን ብቻ ነው። ከዚህም በላይ 20 ቀን 00፡15 የሚል ቲኬት የያዘ መንገደኛ ወደ አይሮፕላን ማረፊያ መሄድ ያለበት በ19ኛው ቀን ምሽት ነው፤ በ20ኛው ቀን ምሽት የሚሄድ ሰው አይሮፕላኑ ካመለጠው አንድ ቀን ያህል ሆኖታል። ይህ ስሕተት የዋዛ ይመስላል፥ ነገር ግን ቲኬትንም ቀጠሮንም ያሳጣል።

ዕቃን በአየር ማስጫን የሚፈልግ ደግሞ ኪሎውን ብቻ አይመልከት። አየር መንገዶች በተለመደው ደንብ 6,000 ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር የሚሆነውን ቦታ እንደ 1 ኪሎ ይቈጥራሉ፤ ከሚዛኑና ከቦታው ስሌትም በሚበልጠው ያስከፍላሉ። ርዝመቱ 60፥ ስፋቱ 50፥ ቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ካርቶን በሚዛን 9 ኪሎ ቢሆንም የሚከፈልበት በ20 ኪሎ ነው። የፕላስቲክ ዕቃና ጫማ የሚያመጣ ባለሱቅ ዋጋውን ከመተመኑ በፊት ካርቶኑን በሜትር ይለካ።