ኤሌክትሪክ ብስክሌት ሊገዙ ነው? መጀመሪያ ዳገትዎን ይለኩ

በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት በተሠራባቸው ጎዳናዎች ዳር የብስክሌት መስመር ማየት ከጀመርን ወዲህ «እኔስ ለምን በብስክሌት ሥራ አልሄድም?» ብለው ሳያስቡ አልቀሩም። የታክሲው ሰልፍ፣ የነዳጁ ወጪ፣ ጠዋት ልጆችን ትምህርት ቤት አድርሶ ቢሮ ለመድረስ ያለው ሩጫ ሲደመር ሐሳቡ ተገቢ ነው። ብዙዎቻችንን ያስፈራን ዳገቱ ነው። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ብስክሌት የለመዱት መሬታቸው ሜዳ ስለሆነ ነው፤ የአዲስ አበባ ግን የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በ2,334 ሜትር ላይ ተቀምጦ፣ የእንጦጦ አናት ከ3,000 ሜትር ያልፋል። አየሩ ስስ ነው፤ ከአራት ኪሎ ሽሮ ሜዳ ድረስ ፔዳል የረገጠ ሰው ያውቀዋል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይተነፍስምና ከፍታው ጉልበቱን አይቀንስበትም።

ይህ ማለት ግን ማንኛውም ኤሌክትሪክ ብስክሌት ቤትዎ ያደርስዎታል ማለት አይደለም። ካርቶኑ ላይ «60 ኪሎ ሜትር ይሄዳል» ተብሎ የተጻፈው ብዙውን ጊዜ በሜዳ፣ በቀላል ሰው፣ በዝቅተኛ የሞተር እገዛ የተለካ ነው። እርስዎ ማየት ያለብዎት ባትሪው ላይ የተጻፉትን ሁለት ቁጥሮች ነው፤ ቮልቱንና አምፔር-ሰዓቱን። ያባዟቸው። 36 ቮልት በ10 አምፔር-ሰዓት 360 ዋት-ሰዓት ይሰጣል። የባትሪው ትክክለኛ መጠን ይህ ነው።

አሁን ወደ ዳገትዎ ይምጡ። እርስዎ፣ ብስክሌቱና ቦርሳዎ አንድ ላይ 100 ኪሎ ትመዝናላችሁ እንበል። ሥራውን ሁሉ ለሞተሩ ከተዉለት፣ በየ100 ሜትር ከፍታው 35 ዋት-ሰዓት ያህል ይበላል፤ ከ360ው አንድ አሥረኛ ማለት ነው። ቤትዎ ከቢሮዎ በ200 ሜትር ከፍ ብሎ በ8 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ከሆነ፣ ርቀቱን ራሱን በየኪሎ ሜትሩ 10 ዋት-ሰዓት ይጨምሩበት፤ መመለሻው ብቻ 150 ይደርሳል። ፔዳል እየረገጡ ካገዙት በእርግጥ ይቀንሳል። የሁለቱን ቦታዎች ከፍታ ስልክዎ ላይ ባለ ካርታ ማግኘት ይችላሉ። ባትሪ ከዓመት ዓመት አቅሙ ስለሚቀንስ፣ ለደርሶ መልሱ ከሚያስፈልግዎ እጥፍ የሚይዘውን ቢመርጡ ይሻላል።

የኤሌክትሪክ ፍጆታው አያሳስብዎ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፤ ብስክሌትዎን ከባዶ የሚሞላው ኤሌክትሪክ ሁለት ሦስት እንጀራ እስኪወጣ የሚፈጀውን ያህል ነው።

ሞተሩ የት ነው የተገጠመው?

በርካሾቹ ላይ ሞተሩ በኋላ ጎማው መሐል ይቀመጣል። ለቦሌና ለገርጂ ዓይነቱ መንገድ ይበቃል። ረጅም ቀጥ ያለ ዳገት ላይ ግን ፍጥነቱ ሲወርድ ይግላል፣ ጉልበቱም ይከዳዋል። ፔዳሉ ጋ የተገጠመው ሞተር የብስክሌቱን ማርሽ ስለሚጠቀም ዳገት ይወዳል፤ ዋጋውም ከፍ ይላል። ሻጩ ስለ ፍጥነት ሲያወራልዎ ብዙም አይስሙት፤ በአውሮፓ ሕግ ተራው ኤሌክትሪክ ብስክሌት በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ሞተሩ ማገዙን ያቆማል፤ ለከተማም ይበቃል። ይልቅስ ዳገት ላይ ወስደው ይሞክሩት። መሐል ላይ ያቁሙትና እንደገና ያስነሱት። እዚያ ካንገራገረ ይለፉት።

«ቁልቁለት ላይ ራሱን ይሞላል» የሚባለውንም በጥርጣሬ ይስሙ። አብዛኞቹ አይሞሉም፤ የሚሞሉትም የሚመልሱት ጥቂት ነው።

ቁልቁለቱን አይርሱ

ጠዋት ከስድስት ኪሎ ወደ ታች፣ ወይም ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ሲወርዱ ከእርስዎ ሌላ 25 ኪሎ ገደማ ብረትና ባትሪ አብሮዎት ይወርዳል። ስለዚህ ከሞተሩ ይልቅ ለፍሬኑ ገንዘብ ያውጡ፤ በዘይት የሚሠራ ዲስክ ፍሬን ተመራጭ ነው። ሲወርዱ አንዱን ፍሬን ብቻ ጨብጠው አይቆዩ፤ ሁለቱንም እየያዙ እየለቀቁ ያቀዝቅዙት። በክረምት ደግሞ ርቀትዎን እጥፍ ያድርጉ፤ ውኃ የተኛበት ቦታ ሥር ምን ዓይነት ጉድጓድ እንዳለ ማን ያውቃል?

ሌላው አደጋ ድምፅ አልባነቱ ነው። በብስክሌት መስመሩ ላይ ሰው ይሄድበታል፣ ልጆችም ይሯሯጡበታል፤ ከኋላ ሲመጡ አይሰሙዎትም። ቃጭልዎን አስቀድመው ይደውሉ። ሄልሜትማ ለድርድር አይቀርብም፤ ልጅ ከኋላ የሚጭኑ ከሆነም ተፈናጣጭ በእቃ መጫኛው ላይ ሳይሆን ቀበቶ ባለው የልጅ መቀመጫ፣ የራሱን ሄልሜት አድርጎ ይቀመጥ።

ባትሪው ቤት ሲገባ

ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ ከሆነ ብስክሌቱን በየቀኑ ተሸክመው አይወጡም። ባትሪው በቁልፍ የሚወልቅ መሆኑን ሳያረጋግጡ አይክፈሉ። ቤት ሲያስገቡት ደግሞ የት እንደሚሞሉት ቀድመው ያስቡ፤ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ከሁሉ በላይ አጥብቄ የምለው ይህንን ነው። የሊቲየም ባትሪ እሳት ድንገት ይነሣል፣ በፍጥነት ይስፋፋል፣ ጭሱም መርዛማ ነው። ኮሪደር ላይ ወይም ብቸኛው መውጫ በር አጠገብ ከተነሣ ቤተሰቡ መውጫ ያጣል። ስለዚህ ከበሩና ከመኝታ ክፍል ርቆ፣ ሴራሚክ ወይም ሲሚንቶ ላይ፣ ከመጋረጃና ከሶፋ ተለይቶ፣ እናንተ ነቅታችሁ ሳላችሁ ይሞላ። ሌሊት ሰክታችሁ አትተኙ። መብራት ሲጠፋም ይንቀሉት፤ ሲመጣ የሚገባው ኃይል አንዳንዴ ከልክ ያለፈ ነው።

ቻርጀሩ ሲበላሽ «ይገጥማል» ብለው የጎረቤትዎን አይዋሱ። የ36 ቮልት ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ በ42 ቮልት፣ የ48ቱ ደግሞ በ54.6 ቮልት ነው የሚሞላው፤ ሶኬቱ ስለገባ ብቻ ይስማማል ማለት አይደለም። ባትሪው ካበጠ፣ ከሸተተ ወይም ወድቆ ከተሰነጠቀ መሙላቱን ያቁሙ። ለረጅም ጊዜ ከቤት ሲርቁ ግማሽ ያህል ሞልተው ይተዉት።

እንክብካቤው ቀላል ነው። በየሳምንቱ ጎማውን በጎኑ ላይ በተጻፈው ልክ ይንፉ፣ ሰንሰለቱን ጠርገው ዘይት ይቀቡ፣ የፍሬን ሸራውን ይዩ። ላቫጆ ወስደው በኃይለኛ ውኃ ግን አያሳጥቡት፤ እርጥብ ጨርቅ ይበቃዋል። አንድ ነገር ብቻ ያስቸግርዎታል። ሞተር ያለበት የኋላ ጎማ ሲፈነዳ የሠፈርዎ ጎሚስታ ሽቦውን አይቶ ላልንካው ሊል ይችላል። ስለዚህ ሱቁ ውስጥ ገና ሳይከፍሉ፣ ሻጩ ጎማውን ፈትቶ እንዲገጥመው ይጠይቁና በስልክዎ ይቅረጹት፤ ቪዲዮውን ለጎሚስታው ያሳዩታል።