የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት፦ መጠኑና ይዘቱ

ጉንፋን የያዘው ሰው የባሕር ዛፍ ቅጠል ቀቅሎ፣ ጋቢ ተከናንቦ መታጠኑ በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ከውሃው ተን ጋር ወደ አፍንጫ የሚደርሰው ሽታ በአብዛኛው ሲኒዮል ከተባለ ውሁድ የሚመነጭ ነው። ሲኒዮል ለብቻው የሚፈላው በ176 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ውሃ ግን በባሕር ጠለል ላይ በ100፣ በአዲስ አበባ ከፍታ ደግሞ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ታዲያ ዘይቱ ወደ መፍያ ነጥቡ ሳይቃረብ ከቅጠሉ የሚወጣው እንዴት ነው? የዚህ ጥያቄ መልስ ዘይቱ በፋብሪካ ለሚመረትበት ዘዴም መሠረት ነው።

በቅጠሉ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

የባሕር ዛፍ የትውልድ አገር አውስትራሊያ ሲሆን፣ ዘይቱን ለገበያ ማምረት የተጀመረውም በዚያው እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ ነው። ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነው። አንድ ቅጠል ወስደን ወደ ብርሃን ብንመለከተው ብርሃን የሚያሳልፉ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ይታዩናል። እነዚህ ዘይቱ የተከማቸባቸው ከረጢቶች ናቸው።

ዘይቱ የብዙ ውሁዶች ድብልቅ ነው። በደጋው የአገራችን ክፍል በሰፊው የሚታወቀው ነጭ ባሕር ዛፍ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ዩካሊፕተስ ግሎቡለስ፣ በሲኒዮል የበለጸገ ነው። ከሲኒዮል ሌላ እንደ አልፋ ፓይኒን ያሉ ቀላል፣ እንደ ግሎቡሎል ያሉ ከባድ ውሁዶችም ይገኙበታል። የሎሚ ሽታ ያለው የባሕር ዛፍ ዓይነት ግን ዋና ይዘቱ ሲትሮኔላል ስለሆነ ዘይቱ ይበልጥ የሚፈለገው ለሽቶና ለሳሙና ነው። ለመድኃኒትነት የሚውል ዘይት ቢያንስ 70 በመቶ ሲኒዮል እንዲኖረው የአውሮፓ የመድኃኒት ደረጃ ያዛል። ስለዚህ «የባሕር ዛፍ ዘይት» የሚለው ስም ብቻውን ስለ ይዘቱ በቂ መረጃ አይሰጥም።

ሁለት ግፊቶች ሲደመሩ

ውሃና ዘይት አይዋሐዱም። በአንድ ዕቃ ውስጥ ሲሞቁ እያንዳንዳቸው ሌላው እንደሌለ ያህል የየራሳቸውን የተን ግፊት ይፈጥራሉ። ድብልቁ የሚፈላው የሁለቱ ግፊቶች ድምር ከአየሩ ግፊት ጋር እኩል ሲሆን ነው። በመሆኑም የመፍያው ሙቀት ከሁለቱም የመፍያ ነጥቦች ያነሰ ይሆናል።

በቁጥር እንመልከተው። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት ወደ 570 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። በ90 ዲግሪ የውሃ የተን ግፊት ወደ 526፣ የሲኒዮል ደግሞ በግምት 45 ይሆናል። ድምሩ 571 ስለሆነ ድብልቁ በ90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል ማለት ነው። የሲኒዮል ሞለኪውል ከውሃ ሞለኪውል ከስምንት እጥፍ በላይ ስለሚከብድ፣ ግፊቱ አነስተኛ ቢሆንም አንድ ኪሎ ግራም የውሃ ተን እስከ 0.7 ኪሎ ግራም ሲኒዮል ሊሸከም ይችላል። ተኑ በቀዝቃዛ ቱቦ አልፎ ወደ ፈሳሽነት ሲመለስ ዘይቱ ከውሃ ስለሚቀል ከላይ ይንሳፈፋል። አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው የመሣሪያው አሠራር እንግዳ አይሆንበትም።

ይህ ስሌት ግን ዘይቱ ከተኑ ጋር በቀጥታ ሲገናኝ የሚገኘው ከፍተኛ መጠን ነው። በቅጠል ውስጥ ያለው ዘይት በመጀመሪያ ከከረጢቱ ወጥቶ ወደ ቅጠሉ ገጽ መድረስ አለበት። ይህ አዝጋሚ በመሆኑ አብዛኛው ተን ጥቂት ዘይት ብቻ ይዞ ያልፋል። አንድ ኪሎ ግራም ውሃ ለማትነን ወደ 2.3 ሜጋ ጁል ኃይል ስለሚያስፈልግ፣ በከንቱ የሚያልፈው ተን በከንቱ የነደደ ማገዶ ነው።

«ስንት በመቶ» ሲባል

ከነጭ ባሕር ዛፍ እርጥብ ቅጠል ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 በመቶ ያህል ዘይት ይገኛል። ይህን መሰል ቁጥር ስናነብ ሁለት ነገሮችን መጠየቅ ይገባናል።

አንደኛ፣ በመቶኛው የተሰላው ከየትኛው ክብደት ነው? ግማሽ ክብደቱ ውሃ ከሆነ 100 ኪሎ ግራም ቅጠል 1.5 ኪሎ ግራም ዘይት ብናገኝ፣ ውጤቱ በእርጥብ ክብደት 1.5፣ በደረቅ ክብደት ግን 3 በመቶ ነው። የተገኘው ዘይት ያው ነው፤ የተለወጠው አካፋዩ ነው።

ሁለተኛ፣ ሥራው የቆመው መቼ ነው? በመጀመሪያ የሚወጣው ክፍል በቀላል ውሁዶችና በሲኒዮል የበለጸገ ሲሆን፣ ጊዜው በረዘመ ቁጥር የከባዶቹ ድርሻ ይጨምራል። እሳቱን ማቆየት የዘይቱን መጠን ከፍ ቢያደርግም የሲኒዮሉን ድርሻ ዝቅ ሊያደርግ ይችላል። ማገዶውም በዚያው ልክ ይጨምራል። ብዙ ዘይት ማግኘትና ጥሩ ዘይት ማግኘት ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ይዘቱን ለይቶ ለማወቅ እንደ ጋዝ ክሮማቶግራፊ ያለ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ አፍንጫ ብቻ አይበቃም።

ጥቅሙና ጥንቃቄው

ባሕር ዛፍ ለግንባታና ለማገዶ ሲቆረጥ ቅጠሉ ብዙ ጊዜ እንደ ተረፈ ምርት ይታያል። ከዚህ ቅጠል ዘይት ማምረት የሚያዋጣው ግን ማገዶው ከዘይቱ ዋጋ በላይ ካልፈጀ ነው። ተኑ በቅጠሉ መካከል እኩል እንዲያልፍ ማድረግ፣ ሥራውን በተገቢው ሰዓት ማቆምና ዘይቱ የወጣለትን ቅጠል አድርቆ መልሶ ማንደድ ወጪውን ይቀንሳሉ።

በመጨረሻም፣ በእንፋሎት የተገኘው ንጹሕ ዘይት ከተቀቀለ ቅጠል እጅግ የጠነከረ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ቢዋጥ መርዝ ነው፤ በተለይ በሕፃናት ላይ ጥቂት መጠን እንኳ ብርቱ መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ስለሚችል ከእጃቸው መራቅ አለበት።