ውሃ የማይለምን የደጅ መደብ

በየካቲት ወር ቀትር ላይ፣ ቦዲቲ ውስጥ ፊቱን ለፀሐይ የሰጠ ደጅ ምን እንደሚመስል የአገሩ ልጅ ያውቀዋል። ቀዩ አፈር ይደርቃል፤ በክረምት ያማረው አበባም አንገቱን ይደፋል። ያን ጊዜ እናት ወይም እኅት በ20 ሊትር ጀሪካን ተሸክማ ካመጣችው ውሃ ለአበባው ታካፍላለች። ለጌጥ ሲባል ሰውን ይህን ያህል ማድከም ተገቢ አይመስለኝም። አበባውን እንተው ማለቴ ግን አይደለም፤ ተክሉን እንለውጥ ነው።

እሬት በወፍራም ቅጠሉ ውሃ ያከማቻል። ከዚህም ሌላ፣ አብዛኛው ተክል የቅጠሉን ቀዳዳዎች በቀን ሲከፍት እርሱ በሌሊት ስለሚከፍት፣ በትነት የሚያጣው ውሃ ጥቂት ነው። ሮዝመሪ የምንለው የጥብስ ቅጠልም ቅጠሉ ቀጭንና ጠርዙ የታጠፈ በመሆኑ ሐሩሩን ይችላል። ጤና አዳም እንዲሁ ነው፤ ለቡናም ይደርሳል። ቁልቋል ግን ወተቱ ዓይን ስለሚጎዳ ልጆች ከሚጫወቱበት ደጅ ይራቅ።

እነዚህን ተክሎች ከጥማት ይልቅ የሚገድላቸው በክረምት ሥራቸው ላይ የሚተኛ ውሃ ነው። ስለዚህ መደቡ በጥልቀት ተቆፍሮ ጠጠር ይቀላቀልበት፤ ውሃው እንዲወርድም ጥቂት ዘቅዘቅ ይበል። ተከላው በልግ ሲጥል ቢሆን ሥሩ ከክረምቱ በፊት ይይዛል። ዝናቡ ሲያበቃ አፈሩን በደረቅ የእንሰት ቅጠል መሸፈን ነው፤ ግንዱን ግን አይንካው። በመጀመሪያው በጋ በሳምንት አንድ ጊዜ ማታ ማታ ይጠጣ፤ ከዚያ በኋላ ጀሪካኑ ለቤት ይቅር።