ፍሬን ሲንቀጠቀጥ እግርን ስላለማንሣት

መኪና መንዳት የሚማር ሰው አስቀድሞ የሚጨነቀው አስነሥቶ ስለ መሄድ ነው፤ ስለ መቆም የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። እኔም ከብዙዎቹ አንዱ ነበርሁና፣ በመጀመሪያ የደረሰብኝን ተርኬ ቀጥሎ ምክንያቱን ለማስረዳት እሞክራለሁ።

መንጃ ፈቃድ ባወጣሁ በሁለተኛው ሳምንት፣ አባቴ አጠገቤ ተቀምጠው፣ በቅርቡ የገዙትን መኪና ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ቁልቁል እነዳ ነበር። ጊዜው ክረምት ነው፤ ዝናቡም ገና ማባራቱ ነበር። በድንገት አንድ ሕፃን ኳስ ተከትሎ ወደ መንገዱ ገባ። ፍሬኑን በኃይል ረገጥሁ። ወዲያው ፔዳሉ ከእግሬ ሥር እንደ ወፍጮ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ፍሬኑ የተበላሸ መስሎኝ ደንግጬ እግሬን አነሣሁ፤ መኪናውም ወደ ፊት ተንደረደረ። አባቴ «ርገጥ!» ብለው ሲጮኹ ዳግመኛ ረገጥሁና ከልጁ አንድ ክንድ ያኽል ሲቀረን ቆምን። ልጁ ኳሱን አንሥቶ ሄደ። የእኔ እጅ ግን ከመሪው ላይ አልላቀቅ አለ።

ማታ የመኪናውን መምሪያ መጽሐፍ አውጥቼ ባነብ፣ ለካስ ፍሬኑ በትክክል ይሠራ ኖሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎማ እየተሽከረከረ ሲሄድ መሬቱን ይይዛል። ፍሬን በኃይል ሲረገጥ ግን፣ ይልቁንም በእርጥብ አስፋልት ላይ፣ ጎማው መዞሩን አቁሞ ይንሸራተታል። የሚንሸራተት ጎማ የሚያገኘው ሰበቃ ከሚሽከረከረው ያነሰ ነው። ከዚህም የከፋው፣ የፊት ጎማዎች ከተቆለፉ መሪው ቢጠመዘዝም መኪናው አይታጠፍም፤ ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

ኤ.ቢ.ኤስ. የሚባለው መሣሪያ የተሠራው ይህን ለመከላከል ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950ዎቹ ዓመታት ተመሳሳይ መሣሪያ በአውሮፕላን ጎማዎች ላይ ይሠራበት ነበር፤ በኤሌክትሮኒክ የሚታዘዘው የቦሽ ሥሪት በመርሴዲስ መኪና ላይ የወጣው ግን በ1978 ዓ.ም. ነው። በየጎማው አጠገብ ያለ መለኪያ የጎማውን ፍጥነት ይከታተላል። ጎማው ሊቆለፍ ሲል መሣሪያው የፍሬኑን ዘይት ግፊት ይቀንሳል፤ መዞር ሲጀምር ደግሞ ግፊቱን ይመልሳል። ይህን በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይደጋግማል። በእግራችን የሚሰማን መንቀጥቀጥ ይኸው ነው።

አባቴ በወጣትነታቸው የተማሩት «ረግጠህ ልቀቅ፣ ረግጠህ ልቀቅ» የሚል ነበርና በዚያ ምሽት ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ ግን የእርሳቸውም ምክር ለቀድሞው መኪናቸው ትክክል መሆኑን ተረዳሁ። ዛሬ መሣሪያው የሚሠራውን ያን ጊዜ የሚሠራው የነጂው እግር ነበር። ኤ.ቢ.ኤስ. ባለው መኪና ግን እየረገጡ መልቀቅ መቆሚያውን ያርቃል እንጂ አያቀርበውም።

በመንገዶቻችን ላይ ሁለቱም ዓይነት መኪናዎች ስላሉ፣ ነጂ አስቀድሞ የያዘውን ይወቅ። ቁልፉ ሲከፈት ኤ.ቢ.ኤስ. የሚል ቢጫ መብራት በርቶ ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ ከጠፋ መሣሪያው አለ ማለት ነው፤ እንደ በራ ከቀረ ግን አይሠራምና ለመካኒክ ይታይ። መሣሪያው ባለበት መኪና በአደጋ ጊዜ ፍሬኑንና ፍሪሲዮኑን አንድ ጊዜ በሙሉ ኃይል ረግጦ፣ መኪናው እስኪቆም እግርን አለማንሣት፣ ዓይንንም ወደሚያመልጡበት አቅጣጫ አድርጎ መሪን ማዞር ነው።

ይሁን እንጂ ኤ.ቢ.ኤስ. ተአምር አይሠራም። በጠጠርና በኮረኮንች ላይ መቆሚያውን ሊያስረዝም ይችላል። ፍጥነትንም አያስተሠርይም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 14 ሜትር ያኽል ይጓዛል። ነጂው አይቶ እስኪረግጥ አንድ ሴኮንድ ቢፈጅበት፣ ፍሬኑ ሳይነካ 14 ሜትር አለፈ ማለት ነው፤ በደረቅ አስፋልት ለመቆም ደግሞ ሌላ 14 ሜትር ያኽል ይፈልጋል። ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር ይህ የኋለኛው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል።

ስለዚህ እንደ እኔ አዲስ ነጂ የሆናችሁ ጓደኞቼ፣ ወላጅ ወይም አስተማሪ አጠገባችሁ ተቀምጦ፣ ሰው በሌለበት ገላጣ ሜዳ ላይ፣ በዝግታ እየነዳችሁ ፍሬኑን በኃይል ረግጣችሁ መንቀጥቀጡን አስቀድማችሁ ልመዱት። እኔ የተማርሁት በአንድ ሕፃን ፊት ነው፤ እናንተ ግን በባዶ ሜዳ ተማሩት።