ከጤና ጣቢያ መዝገብ እስከ መከታተያ ግራፍ
ከአባይ በረሃ አፋፍ ካለችው ከደጀን የሚላክ የጤና ጣቢያ ሪፖርትን እንውሰድ። በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረውን ዲኤችአይኤስ 2 የተባለ ሥርዓት የጤና ሚኒስቴር ለጤና ተቋማት ወርሃዊ ሪፖርት ይጠቀምበታል። መረጃው በኮምፒውተሮች መካከል ጄሰን በተባለ የጽሑፍ ቅርጽ ይጓዛል። ለምሳሌ ቀለል ተደርጎ ሲጻፍ፦ «ተቋም፦ ደጀን፤ ወር፦ 201701፤ የወባ ሕሙማን፦ 40»።

ይህን ወደ ግራፍ የሚያሻግረው ፕሮግራም ግን በራሱ አይገምትም። ለምሳሌ ቴሌግራፍ የተባለው መረጃ ሰብሳቢ ፕሮግራም፣ ካልታዘዘ በቀር፣ ቁጥሩን ወስዶ ጽሑፉን ይጥላል። «ተቋም» መለያ መሆኑ በማዋቀሪያ ፋይሉ ካልተጻፈ የደጀንና፣ ለምሳሌ፣ የቢቸና ጤና ጣቢያ አሃዝ ይደበላለቃል።

ትልቁ ወጥመድ ጊዜው ነው።

201701 በእኛ አቆጣጠር መስከረም 2017 ነው። ፕሮግራሙ በፈረንጆቹ ካነበበው ጃንዋሪ 2017 ብሎ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ገደማ ወደኋላ ይወስደዋል፤ የቅርብ ጊዜ ወረርሽኝም ያለፈ ታሪክ ይመስላል።

ስለዚህ ባለሙያው ቁጥሩን፣ መለያውንና ቀኑን አስቀድሞ ለይቶ ይጻፍ፤ ግራፉንም ከጤና ጣቢያው መዝገብ ጋር ያመሳክር።