ታሪክን ጽፎ ማስቀመጥ፦ ከጅጅጋው ተወላጅ መጽሐፍ የምንማረው

በማታ ትምህርት ክፍላችን ወጣቶች ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ፤ «የእኛን ታሪክ ብንጽፈው ምን ይጠቅማል? ማንስ ያነበዋል?» የሚል ነው። መልስ የሚሆን አንድ መጽሐፍ እናስተዋውቃችሁ።

ነጋ መዝለቂያ እ.ኤ.አ. በ1958 ከሐርጌሳ እምብዛም በማትርቀው በጅጅጋ ተወለደ። አባቱ የንጉሡ መንግሥት ሠራተኛ ነበሩ። ነጋ የ1974ቱን አብዮት በወጣትነቱ ደግፎ ነበር። የደርግ አገዛዝ ሲከፋ ግን ተቃዋሚ ሆነ፤ ከጓደኛውም ጋር የሶማሌ ሽምቅ ተዋጊዎችን ተቀላቀለ። በ1983 ለምህንድስና ትምህርት ወደ ሆላንድ ሄዶ መመለስ ስላልቻለ ከሁለት ዓመት በኋላ ካናዳ ገባ። ትዝታውን በእንግሊዝኛ ጻፈ፤ ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የጅብ ሆድ ማስታወሻዎች» እንደ ማለት ነው። በ2000 ታትሞ በዚያው ዓመት የካናዳን የጠቅላይ ገዥ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት አግኝቷል።

የዚህ ዓይነት መጽሐፍ ዋና ጥቅም መፈክር የማይነግረንን መንገሩ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ልጅ ከሶማሌ ታጋዮች ጋር ጫካ መግባቱን የጦርነት ዜና አይነግረንም። በድንበሩ ግራና ቀኝ ያለው ሕዝብ ተራ በተራ ተሰድዷል። በ1988 የዚያድ ባሬ መንግሥት ሐርጌሳን በቦምብ ሲደበድብ ነዋሪዎቿ ወደ ጅጅጋ አካባቢ ሸሹ፤ ሐርትሼክ የተባለው ሰፊ ጣቢያ የተዘጋው በ2004 ነው። ዛሬ ያስጠጉን ጎረቤቶቻችን የስደትን ኑሮ ያውቁታል።

ለመጻፍ የምትፈልጉ ወገኖች የሚከተሉትን ልብ በሉ፦

1ኛ. ቦታውንና ዘመኑን ጻፉ። ቀኑ ከጠፋባችሁ «በመኸር ወቅት»፣ «ከጥምቀት በኋላ» ማለት ይበቃል፤ ያልታወሰን ቀን ፈጥሮ መጻፍ አይገባም።

2ኛ. በዓይናችሁ ያያችሁትንና ከሰው የሰማችሁትን ለዩ።

3ኛ. አገር ቤት የቀሩ ዘመዶችንና ጓደኞችን ስም አትጻፉ፤ ወረቀቱ በማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅምና።

4ኛ. የራሳችሁን ወገን ጥፋትም አትዝለሉ። ጥፋቱ ሁሉ የሌላው ብቻ የሆነበትን ታሪክ አንባቢ አያምነውም።

አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ለመጀመር ይበቃሉ። ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ አረጋውያንም ልጆቻቸው እያዳመጡ ይጻፉላቸው። እነርሱ ካለፉ በኋላ የሚጠየቅ አይኖርም። አባቶቻችን እንዳሉት፣ በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።