ከብስክሌቱ በፊት ሱቁን መምረጥ

ሜዳ አገር ለብስክሌት ይመቻል። በሰሜን ወሎ ከወልድያ ዝቅ ብላ በሜዳ ላይ የተቀመጠችው ሐራም እንዲህ ካሉት ከተሞች አንዷ ናት። በዚያ የሚያስተምር መምህር፥ በጽሕፈት ቤት የሚያገለግል ወጣት ሠራተኛ ወይም ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ ረጅም መንገድ የሚመላለስ ተማሪ ብስክሌት ቢኖረው ጊዜውንም ጉልበቱንም ይቆጥብለታል። ዳሩ ግን ብዙ ምርጫ የሚገኘው በአዲስ አበባ ነው፤ ከዚያ እስከ ሐራ ደግሞ 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ። የአዲስ አበባ ነዋሪ የገዛው ዕቃ ቢበላሽበት በማግሥቱ ተመልሶ ባለሱቁን ይጠይቃል፤ የሐራው ገዢ ግን ለአንዲት ለማትገጥም ጎማ ሲል ያጠራቀመውን ገንዘብ በመሳፈሪያ ይጨርሳል። ስለዚህ እርሱ አስቀድሞ መምረጥ የሚገባው ብስክሌቱን ሳይሆን ሱቁን ነው።

መርካቶ የሄደ ሁሉ እንደሚያውቀው በዚያ ንግዱ በተራ በተራ የተከፈለ ነው፤ አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡ ነጋዴዎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ይህም ለገዢው ይበጀዋል፤ ብዙ ሳይደክም ሦስት አራት ሱቅ ዞሮ ዋጋውን ለማመዛዘን ይችላልና። ሆኖም «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» እንዲሉ፥ የመጀመሪያው ቀን ለማየትና ለመጠየቅ ብቻ ቢሆን መልካም ነው። የሚጠየቀውም ሻጩ ብቻ አይደለም። በየሰፈሩ ብስክሌት የሚያከራዩ ወጣቶች ዕቃቸው በየቀኑ ስለሚሰበር፥ የትኛው ሠራተኛ እጁ እንደሚታመንና የማን መለዋወጫ እንደሚበረክት ከማንም ይልቅ ያውቃሉ።

ወደ ሱቁ ሲገባ በመጀመሪያ የሚታየው በበሩ ላይ የተሰቀለው ሳይሆን ከጓዳው ያለው የጥገና ቦታ ነው። ጥገና የሌለው ሱቅ ሸጦ ይሰናበታል፤ ጥገና ያለው ግን የሸጠውን መልሶ ያየዋል። የሠራተኛውን ዕውቀት ለመመዘን አንድ ቀላል ጥያቄ ይበቃል፤ ይኸውም የግራው ፔዳል ወደየት ዞሮ ይፈታል የሚለው ነው። የቀኙ ፔዳል እንደ ማንኛውም ቡሎን ወደ ግራ ሲዞር ይፈታል፤ የግራው ግን በተቃራኒው ወደ ቀኝ ሲዞር ነው። ይህን የማያውቅ ሰው በኃይል ታግሎ የቡሎኑን ጥርስ ይበላዋል።

ሁለተኛው ምልክት ስለ ጎማ ልክ የሚሰጠው መልስ ነው። ብዙ ሰው 26 የተባለ ጎማ ሁሉ አንድ ይመስለዋል፤ ነገር ግን አይደለም። በጎማው ጎን ላይ 50-559 ወይም 37-590 የሚል ጽሕፈት ይገኛል። የፊተኛው ቁጥር የጎማው ውፍረት፥ የኋለኛው ደግሞ ጎማው በቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ክብ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱም 26 ይባላሉ፤ ልዩነታቸው ግን 31 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ አንዱ በሌላው ቸርኬ ላይ ከቶ አይገባም። 28 በሚባለውም ዘንድ እንዲሁ 622 እና 635 አሉ። ጥሩ ባለሱቅ ይህን ቁጥር ራሱ አሳይቶ በወረቀት ይጽፍለታል፤ «ሁሉም አንድ ነው» የሚለውን ግን አመስግኖ ማለፍ ነው።

ከከተማ ርቆ የሚኖር ሰው የአየር መሙያውንም አፍ ማየት አለበት። ቀጭኑ ዓይነት ልዩ ፖምፓ ወይም ማስማሚያ ይፈልጋል። እንደ መኪና ጎማ ወፍራም የሆነው ግን በአውራ መንገድ ዳር ያለ ማንኛውም ጎሚስታ ሊሞላው ይችላል። ሆኖም የመኪናው መንፊያ ብርቱ ስለ ሆነ ከመጠን እንዳያልፍና ካላማዳሪው እንዳይፈነዳ፥ በጎማው ጎን የተጻፈውን ልክ ማክበር ያሻል።

ሦስተኛው ምልክት ባለሱቁ ዕቃውን ለማስፈተሽ ፈቃደኛ መሆኑ ነው። ጎማውን ከመሬት አንሥቶ ማሽከርከር፥ ወደ ፍሬኑ ጎማ እየተጠጋና እየራቀ ቢወዛወዝ ቸርኬው መጣመሙን ማወቅ፤ ወደ ጎንና ጎን ነቅንቆ ቢንገጫገጭ ኩሽኔታው መላላቱን ወይም ማለቁን መረዳት ይቻላል። ያገለገለ ብስክሌት ከሆነ ካቴናውን በተማሪ ማስመሪያ መለካት ነው። ከአንዱ ፒን መሐል እስከ ቀጣዩ ግማሽ ኢንች ስለ ሆነ፥ 20 ዐይን 254 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ከዚህ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ካለፈ ካቴናው አልቋል፤ ጥርሶቹንም ይበላል።

በመጨረሻም ደረሰኝ አለ። በቴላዮው ላይ፥ አብዛኛውን ጊዜ ከፔዳሉ መዞሪያ ሥር፥ የተቀረጸ ቁጥር ይገኛል። ቁጥሩ በደረሰኙ ላይ ካልተጻፈ፥ ብስክሌቱ የተሰረቀ ቢሆን ወይም በመንገድ ላይ ጥያቄ ቢነሣ ገዢው የሚያሳየው ማስረጃ የለውም። ይህን ለመጻፍ የሚያቅማማ ሻጭ ዋጋው ቢረክስም አይጠቅምም።

የብስክሌት ሱቅ መልካም ትምህርት ቤትም ነው። በአሜሪካ አገር አውሮፕላን ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1903 ያበረሩት የራይት ወንድማማች፥ ከ1892 ጀምሮ በዴይተን ከተማ ብስክሌት የሚሸጡና የሚጠግኑ ሰዎች ነበሩ። በእኛም አገር የብስክሌት ሙያ አዲስ አይደለም። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትካፈል ብስክሌተኞችም ልካ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ የመቀሌው ጽጋቡ ግርማይ በፈረንሳይ ዙር ውድድር የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል።

እንግዲህ ከሐራ የሚመጣ ወጣት ብስክሌቱን ጭኖ ከመመለሱ በፊት ከሠራተኛው አጠገብ ግማሽ ቀን ቢቀመጥ አይከስርም። ካላማዳሪ እንዴት እንደሚለጠፍ፥ ፍሬን እንዴት እንደሚጠብቅ፥ ካቴና እንዴት እንደሚቀባ አይቶ፤ ሁለት ትርፍ ካላማዳሪ፥ ማስቲሽ፥ ፖምፓና ሁለት ሦስት ቺያቬ ገዝቶ ይሂድ። ይህን እንዲማር በደስታ የሚፈቅድለት ባለሱቅ ከተገኘ፥ ሊጎበኝ የሚገባው ሱቅ እርሱ ነው፤ የሱቁንም አድራሻ ለሚቀጥለው የሐራ ልጅ መንገር ደግሞ የገዢው ፈንታ ነው።